በእግዜር ነዳጅ

የወንድሟ ስልክ የተረፈው እንደ ባለቤቱ ተሰነጣጥቆ ነው። እህቱ ምላጭ ስክሪኑን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች እየገፋች ያቺን ሰኞ ትፈልጋለች። እሑድ አለች። ማክሰኞ የለችም፤ ማክሰኞማ መኪናው አፍንጫው ተጨፍልቆ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ተጋድሟል። ሰኞ ግን መኖር ነበረባት። በቦታዋ ያለው አንድ ግራጫ መስመር ብቻ ነው፦ «የተመዘገበ ጉዞ የለም»።

«ሰው ገድለህ ስታበቃ ከቤት አልወጣሁም ልትል ነው?» አለችው ስልኩን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዝቅ ያደረገችው ወንድሟ እዚያው ክፍል ስለተኛ ነው። አንገቱ ታስሯል፣ ክንዱ በጄሶ ተጠቅልሏል። ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ ወዲህ ዓይኑን ያየው ግድግዳው ብቻ ነው።

ምላጭ ያሏት በምላሷ ነው። ትምህርቷን ለምን እንደተወች ለጠየቃት ሁሉ መምህሩን ሳርመው ደከመኝ ትላለች። እውነቱ እናታቸው ስትሞት ቤቱን የሚይዝ ሰው መጥፋቱ ነው፤ እሱን ግን አታወራውም። አባቷ መካኒክ፣ ወንድሟ ሾፌር ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ከረጅሙ ቁልቁለት አናት ላይ ባለው የመድኃኒት መጋዘን ነው፤ አባት የገጠመውን ልጅ ይነዳዋል።

ያን ሰኞ ጠዋት ወንድሟ መድኃኒት ጭኖ ሲወርድ፣ ኩርባው ላይ መንገድ ይጠርጉ የነበሩትን እናት ገጭቶ ከግንብ ጋር ተላተመ። ሴትዮዋ እዚያው ቀሩ። እሱ አፉን መክፈት ሲችል ለመርማሪው የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ረገጥኩት፣ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ። ፍሬኑን ደግሞ በዋዜማው ፈቶ ያጠበውና መልሶ የገጠመው አባታቸው ነው። ግጭቱ የመኪናውን ፊት አድቅቆ የፍሬን ዘይት ቱቦውን በጥሶታል። ቱቦው ከግጭቱ በፊት ይበጠስ በኋላ፣ ምርመራ ያደረጉት ባለሙያዎችም ትከሻቸውን ከመስበቅ በቀር የሚሉት አልነበራቸውም።

የቀረው ምስክር ከመሪው ሥር የተሰካችው የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ ናት። መኪናው የት እንደሄደ፣ በምን ፍጥነት እንደሮጠ፣ ምን ያህል ነዳጅ እንደጠጣ እየተከታተለች ለሾፌሩ ስልክ ትነግራለች። ስልኩ ላይ ያለው አፕ ደግሞ እየደመረ ነጥብ ይሰጣል። ቆጥቦ የነዳ አረንጓዴ ቅጠል ያገኛል። ያባከነ ስሙ መጋዘኑ በር ላይ ከሰሌዳው ግርጌ ይለጠፍና ሾፌሮቹ «ጠጪው» እያሉ ይስቁበታል። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀው ወንድሟ ክረምቱን ሙሉ ጠጪው ሲባል ነው የከረመው። ከዚያ በድንገት ቅጠሉ በዛለት። ምን እንዳደረገ ቤት ውስጥ የጠየቀው አልነበረም፤ ደስ ብሏቸው ነበራ።

መርማሪው ጉዞው ከተገኘ አምጡልኝ ብሏል። ካልተገኘ በሳምንቱ መጨረሻ የሚፈለገው መካኒኩ ነው።

አባቷ ሊታሰር ስለ መሆኑ አንድም ቀን አልተነፈሰም። የሚበላው ሌላ ነገር ነበር። በእንቅልፍ ልቡ እጆቹን ወደ ላይ ያነሳና የሌለ ቡሎን ያጠብቃል። ያጠብቅና ይፈታዋል፣ እንደገና ያጠብቃል። ምላጭን ለብቻዋ ጠርቶ የለመናትም ይህንኑ ነው፤ ልጄ፣ ይሄ እጅ ገድሎ እንደሆነ ልወቀው፣ ካወቅኩት እችለዋለሁ አላት። ይህን የሚለው አንዲት ቡሎን እንኳ ሁለቴ ሳይፈትሽ የማይለቅ ሰው ነው። ስለዚህ ስልኩን ያዘች።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ብላ ከሥሩ ጀመረች። አፑ አካባቢን የማየት ፈቃድ እንዳለው አየች፤ አለው። ባትሪ ቆጣቢው ገድሎት እንደሆነ አየች፤ አልነካውም። ጉዞው በሌላ ሾፌር ስም ገብቶ ይሆን ብላ የወንድሟን ጓደኛ በስልክ አደረቀችው፤ እዚያም የለም። ስልኩን አጠፋችው፣ አበራችው፣ ሰደበችው። መጨረሻ ላይ ከአፑ ግርጌ «እርዳታ» የሚል ቁጥር አገኘችና ደወለች።

ያነሳው ድምፁ የለሰለሰ ሰውዬ ነው። ልጅነቷን ከድምጿ ሰምቶ ኖሮ፣ አጠገብሽ ትልቅ ሰው የለም ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አሉ» አለችው። «የምፈልገው እነሱ ያጠፉትን ነው።»

ሰውዬው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ረዳት፤ ክፉ አልነበረም። የዕቃዋ መብራት ከአደጋው በፊት ምን ዓይነት እንደነበር፣ ስልኩ መኪናው ውስጥ እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቃት። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ አስገባትና «አጫጭር ጉዞዎችን ደብቅ» የሚለውን እንድትፈልግ ነገራት። አፑ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች የሆነ ጉዞ መኪና ከጥላ ወደ ጥላ ማዛወር ይመስለዋል አላት፤ አይሰርዘውም፣ ግን አያሳይም።

ከመጋዘኑ እስከ ኩርባው እኮ ሩቅ ነው ብላ ተከራከረችው።

«ሞተር ሲጠፋ ጉዞው እዚያው ያበቃል» አለ ሰውዬው። «ምናልባት መንገድ ላይ ጠፍቶበት ይሆናል።»

አመስግናው ዘጋች። የ«ደብቅ»ን ማብሪያ ነካ አድርጋ ስታጠፋት ሰኞ ብቅ አለች። በካርታው ላይ አጭር ሰማያዊ መስመር ከመጋዘኑ በር ተነስታ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቀጥ ትላለች። ከሥሯ «ሞተር ጠፍቷል» ይላል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው፤ ኩርባውም ባዶ፣ ግንቡም ባዶ።

አገኘሁት ብላ በደስታ እየበረረች ጓሮ ወጣች። አባቷ የታጠበ ልብስ እያሰጣ ነበር። መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አውርዶ ስልኩን ሲያይ ቆየ። ደስታዋ ፊቱን እያየች ነው የሞተው።

የፍሬንን ነገር ያስረዳት እዚያው፣ እርጥብ አንሶላው ጀርባ ቆሞ፣ በሹክሹክታ ነው። ፍሬን ጉልበቱን የሚበደረው ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይታዘዛል፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ጎበዙ ሾፌርም በሁለት እግሩ ቢቆምበት አይሰማውም።

ምላጭ ሾፌሮቹ እየተሳሳቁ ሲያወሩ የሰማችው ያኔ ትዝ አላት። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ማርሹን ነጻ ያደርጉና፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ ይመልሱታል። ከዚያ እስከ ታች ድረስ ጠብታ ሳያቃጥሉ መውረድ ነው። «በእግዜር ነዳጅ» ይሉታል። ጠጪ መባል የሰለቸው ሁሉ የሚያውቃት መድኃኒት ናት፤ ለአለቃ አትነገርም፣ ለመካኒክም አትነገርም።

አባቷ እጆቹን ገልብጦ መዳፉን አየ፣ ጀርባውን አየ። «እኔ አይደለሁም» አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ሲወርድ ሰማችው። ቀጥሎ ያለው ግን አልገባትም፤ መልሰሽ ደብቂው አላት።

ተቆጣች። ባልሠራኸው ልትታሰር ነው ወይ፣ ሞኝ ነህ ወይ አለችው፤ ለአባት የማይባል ቃልም አመለጣት። አባቷ አልተቆጣም። ወንድምሽ ፍሬን ከዳኝ ብሎ ነው የሚኖረው፣ የገደለው የገዛ እጁ መሆኑን ካወቀ ከዚያ ግድግዳ ፊቱን አያዞርም አላት። እኔ አሁን ንጹሕ መሆኔን ስላወቅኩ እስር ቤቱ አይከብደኝም፤ ቀለለኝ፣ ጠገብኩ አለ። እሷን ይከብዳት አይከብዳት እንደሆን አልጠየቃትም።

«አፈር ስሆን» አላት፣ «ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ምላጭ ማብሪያዋን መልሳ ነካቻት። ሰኞ ጠፋች።

አባቷ ቡሎኑን አላጠበቅኩትም ብሎ ፈረመና እስር ቤት ገባ።

ወንድሟ ቀስ በቀስ ከግድግዳው ዞረ። ጄሶው ተፈታ፤ መጋዘኑም ሾፌር አጥሮት ስለነበር ሌላ መኪና ሰጠው። ዳነ ይባላል። ግን የአባቱ ስም በተነሳ ቁጥር ተነስቶ ይወጣል። አንድ ማታ እራት ላይ፣ አንድ ቡሎን ማጥበቅ አቅቶት እኔን ነፍሰ ገዳይ አደረገኝ አለ። ምላጭ ጉርሻዋን ዋጠች። ለሁሉ መልስ የነበራት ልጅ፣ ያን ወር ጎረቤት አሟት ይሆን ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ዝም አለች። ወንድሟ እስር ቤት አንድም ቀን አልሄደም። ልብስ የምታመላልሰው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ዝናቡ ጠንቶ ስለነበር በመኪናው ሊያደርሳት እሺ አለ፤ እስከ በሩ ብቻ፣ እኔ አልገባም ብሎ። የአባቷን ልብስ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከመጋዘኑ ጭነት አንስተው ወጡ። ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርሱ ወንድሟ ማርሹን ነጻ አደረገና፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ እጁ ወደ ቁልፉ ሄዶ ግማሽ ድረስ መለሰው።

ሞተሩ ዝም አለ። የዝናቡና የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ።

ምላጭ መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ገባት። ማን ነግሮት ይተወው? የዋሹለትና የታሰሩለት እንዳያውቅ ነው፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም በዚህችው መንገድ እንዲህ ይወርዳል። ከታች ኩርባው ላይ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ይሻገራሉ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን ርገጠው» አለች።

ምን ሆነሽ ነው ብሎ ረገጠው። መኪናው ታዘዘ።

«ድገመው።»

ደገመው። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አሁንም።»

ሦስተኛውን ሲረግጥ እግሩ ቆመ። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። ወንድሟ አልጮኸም፤ ያን ድንጋይ እግሩ ያውቀዋል። መኪናው ፍጥነት እየጨመረ እሱ መሪውን ጨብጦ ደርቆ ቀረ። ምላጭ ልብሱን አልፋ ተንጠራርታ ቁልፉን ወደፊት አዞረችው። ሞተሩ ተንተፋትፎ ተነሳ፣ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ለሰለሰ። ጃንጥላዎቹ ጋ ሳይደርሱ ቆሙ። ከኋላ ካርቶኖቹ ተንሸራተው ተጋጩ።

ወንድሟ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። በእያንዳንዱ እርግጫ እንደ ቅቤ ይገባል።

«አባዬ ያውቃል?» አለ በመጨረሻ።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳይገባ በፊት።»

እጁን ዘርግቶ፣ ልብሱን ስጪኝ አላት። አብሬህ ልሂድ ስትለው ጭነቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል አለ፤ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን። ጥቅልሉን ከዝናቡ ሸሽጎ ብብቱ ሥር አደረገና ወረደ። በፊት መስታወቱ በዓይኗ ተከተለችው። እስር ቤቱ በግራ ነው፤ እሱ ግን ግራውን አልፎ፣ መርማሪው ወዳለበት ወደ ፖሊስ ጣቢያው ቀጥ ብሎ ወረደ። ያ ልብስ ዛሬ ለአባቷ ይሁን ለወንድሟ እንደሚያስፈልግ አላወቀችም፤ ምናልባት ለሁለቱም።

ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባ ነፋባት። ሞተሩ እንደበራ ነው፤ ነዳጁ ይቃጠላል። ምላጭ ልታጠፋው እጇን አላነሳችም።