ይፋግ የሄደው ባለቤት

ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የሩዝ መፈልፈያ ቤት ባለቤት አቶ አድማሴ የሚባል ሰው ነበር። ሲሞት ከተማችን ወረታ ድንኳን ጥላ አልቅሳለታለች፤ እኔም አልቅሻለሁ። ሰውየው ግን ተወልዶም አያውቅም። ይህን የምናውቀው እኔና ሰብለወንጌል ብቻ ነበርን፤ እያወቅሁ ማልቀሴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፈይሩዝ እባላለሁ። ጆንያ፣ ሸራ፣ ሲባጎና ሳሙና እሸጣለሁ፤ በር ላይ ስለምቀመጥም የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ አያለሁ። ሰብለወንጌልን ያወቅኋት በሌላ ሰው መፈልፈያ ቤት ሩዝ ስታበጥር፣ ጆንያ ስትሸከም ነው። ያጠራቀመችው ላይ እቁቧን ጨምራ አንድ ያገለገለ ማሽን ገዛች። ማሽኑ የገባ ዕለት እልል ያልኩላት እኔ ነኝ። እሷ ግን ሰርቃ ያመጣችው ይመስል በሩን ቶሎ ዘጋችው።

ነገሩ የተጀመረው ወንዴ በሚባል የአይሱዙ ሾፌር ነው። ሩዝ ሊጭን መጣና ፀጉሯ ላይ ገለፈት የተነሰነሰባትን፣ መጥረጊያ የያዘችውን ሰብሌን ከላይ እስከ ታች አይቶ "ባለቤቱ የለም?" አላት። "እኔ ነኝ" ማለት ሲገባት "ይፋግ ሄዷል" አለችው። ለምን ይፋግ እንዳለች እሷም አታውቅም፤ እዚያ ዘመድ የላት፣ ረግጣውም አታውቅ። ወንዴ ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ማለት ስለሚወድ "አድማሴ የሚሉት ነው አይደል?" አለ። አዎ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። በቃ፣ ሰውየው ተወለደ።

ሱቄ ጠርቼ ተቆጣኋት። የገዛ ንብረትሽን ለማታውቂው ሰው የምትሰጭ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። የመለሰችልኝን አልረሳውም።

"ፈይሩዝ፣ እውነቴን ነው፣ ጧት ቁልፉን ስከፍት የሰው ቤት የምከፍት ይመስለኛል። አንድ ቀን እውነተኛው ባለቤት መጥቶ 'ተነሽ፣ ይበቃሻል' ይለኛል።"

የሚመጣ ሰው እንደሌለ ነገርኳት። እሷም ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ምንም አልጠቀማት።

እዚህ ፎገራ ላይ ሩዝ ማሽን ከመግባቱ በፊት በጥርስ ይፈተሻል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ጥርስ ላይ ለስለስ ካለ እርጥብ ነው፣ ማሽኑ ያደቅቀዋል። ሌሎቹ ከጆንያው አፍ ላይ አንድ ፍሬ አንስተው ነክሰው ያስገባሉ። ሰብሌ ግን ክንዷን እስከ ብብቷ ከትታ ከሥር ያለውን አውጥታ ነው የምትነክሰው። ገበሬ ደረቁን ከላይ እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ አባቷም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ካልጣማት ትመልሰዋለች። ገበሬው ሲቆጣ "እኔ ምን ላድርግ፣ አቶ አድማሴ እርጥብ አትቀበይ ብሏል" ትላለች። ጎርፍ ሩዙን ያራሰበት ሰው ሲመጣ ደግሞ ግቢዋ ውስጥ ሸራ አንጥፋ ታደርቅለታለች፤ ሲመርቃትም ምርቃቱን ለአቶ አድማሴ አደርሳለሁ ትላለች። ስድቡም ምርቃቱም ተሰብስቦ ይፋግ ይሄዳል።

ሰውየው በዚህ ሁኔታ አደገ። አንዱ ይፋግ ገበያ ላይ አግኝቼው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን አለ። ሌላው ጣራ ገዳም ሲሳለም አይቼዋለሁ፣ ረጅም ነው አለ፤ አጭር ነው ያሉም ነበሩ፣ በዚህ ተጣልተው የታረቁም አሉ። አንዲት ሴት ልጇን በስሙ ጠራች። ሰርግ ሲጠሩት በግ ይልካል። በጉን የምትገዛው ሰብሌ ናት፤ ሰርጉ ላይ ግን እሷን የጠራት የለም። እኔም ሰው ሁሉ ሲያወራ ዝም ማለቱ ከብዶኝ ሳሙና ከእኔ ነው የሚገዛው፣ ሽታው መልካም የሆነውን ይመርጣል ብያለሁ።

የንግድ ፈቃዱ በስሟ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። የእድራችን ዳኛ አቶ ሀይለየሱስ አንድ ቀን መነጽሩን አድርጎ አነበበውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ምን ዓይነት ሰው ነው እናንተ! ፈቃዱን በሠራተኛው ስም አወጣላት" አለ። ከዚያ ወዲያ ደግነቱ አገር ሞላ።

መጨረሻ ላይ የመፈልፈያ ቤቶች ማኅበር አቶ አድማሴን ሊቀመንበሬ ይሁንልኝ አለ። አዳራሽ ተይዞ፣ ካባ ተሰፍቶ፣ ቀኑ ተቆረጠ። ሰብሌ ሱቄ ገብታ ጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠች። ተነሽና አዳራሹ ውስጥ ቁመሽ፣ ካባው ለእኔ ነው በይ አልኳት። እኔ ካባ ለብሼ ሰው አይስቅም ወይ አለችኝ። ማን ይስቃል ስላት "እኔ" አለች። ብዙ ካሰበች በኋላም "ይሙት" አለች። እንግዲህ ሱቄ ውስጥ፣ ጆንያዎቼ ላይ ተቀምጣ ነው የገደለችው። ሰሊጥ ሊገዛ መተማ ወርዶ ወባ ጣለው፣ እዚያው ተቀበረ ተባለ።

መርዶው በተሰማ በማግሥቱ የእድሩ ድንኳን በመፈልፈያ ቤቱ ግቢ ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ከተማው ተሰበሰበ። መቼም እንደዚያ ያለ ለቅሶ አላየሁም። የእኛም ሰፈር ሰው፣ ከመስጊድ የወጣውም፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰውም አንድ ላይ ተቀምጦ የሌለውን ሰው ያነሳል፣ ይጥላል። ወንዴ ደረቱን መታ። አንዱ ገበሬ ተነስቶ፣ ሩዜ በውሃ ሲያልቅ ግቢውን ሰጥቶ ያደረቀልኝ ከእንግዲህ ማን አለኝ ብሎ ሲያለቅስ እኔም አልቻልኩም፣ እንባዬ መጣ። ያደረቀችለት ሰብሌ አጠገቤ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ አብራው ታለቅሳለች። ቆንጥጬያት ነበር፤ ወይ ፍንክች።

በሁለተኛው ቀን ከድንኳኑ ውጭ "ወንድሜ! ወንድሜ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋቢውን ያዘቀዘቀ፣ ዱላ የያዘ ትልቅ ሰው ገባ። መንግሥቴ ይባላል፣ የይፋግ ከብት ነጋዴ ነው። አድማሴ የሚባል ታናሽ ወንድሙ ከብዙ ዓመት በፊት ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በዚያው ጠፍቶበታል። አሁን አድማሴ፣ የይፋግ ሰው፣ መተማ ሞተ ሲባል ሰማ። ሁሉም ነገር ገጠመለት። ወንድሙ ይህን ያህል ዘመን ቅርቡ ሆኖ፣ ንብረት አፍርቶ፣ ሊጠይቀው ሳይመጣ መቅረቱ ነው የበለጠ ያስለቀሰው። የምን ቂም ይዞብኝ ነው እያለ ሬሳ የሌለበትን ድንኳን ይጠይቃል።

ሰብሌ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ "ባለቤቱ መጣ" አለችኝ።

ወላሂ በጥፊ ልመታት ፈልጌ ነበር። የሰልስቱ ዕለት ሽማግሌዎች ተሰብስበው መፈልፈያ ቤቱ ለወንድሙ ይገባል ብለው ፈረዱ። እሷ ምን አለች? ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። መንግሥቴም ደግ ሰው ነውና ሥራሽን አትለቂም፣ እንደ ወንድሜ ጊዜ ትኖሪያለሽ አላት። እግዜር ይስጥልኝ አለች። ላቧን ያፈሰሰችበት ቤት በምስጋና ሲሄድ ዓይኔ እያየ ቆጨኝ፣ አቃጠለኝ።

አዲሱ ባለቤት ከብት እንጂ ሩዝ አያውቅም የሚል ወሬ ቶሎ ደረሰ። ሰብሌ እርጥብ ነው ብላ የመለሰችባቸው ሁሉ ጆንያቸውን በአህያ ጭነው እዚያው ለቅሶው ላይ ደረሱ። መንግሥቴ ለቅሶ ሊደርሱኝ ሩዝ ጭነው የመጡትን እንዴት እመልሳለሁ ብሎ አስገቡ አለ። ማሽኑን አንድ ሥራ የፈታ መካኒክ አስነሳው።

እኛ ድንኳኑ ውስጥ ነን። ማሽኑ መጀመሪያ እንደ ወትሮው ጮኸ፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ወፈረ፣ ታፈነ። የሰብሌ መንጋጋ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ምንም አፏ ውስጥ ሳይኖር ታኝካለች። ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ብድግ ብላ በለቀስተኛው መሀል አለፈች፣ ንፍሮ የያዘችውን ሴት ገፋች፣ ገብታ ማሽኑን አጠፋችው። ክንዷን ጆንያው ውስጥ እስከ ብብቷ ከታ አንድ ፍሬ አወጣች፣ ነከሰች፣ ተፋች።

"ይኸን ማን አስገባው?"

አዲሱ ባለቤት ነው አሏት።

"ባለቤቷ እኔ ነኝ። ያኔም እኔ ነበርሁ። አድማሴ የሚባል ሰው እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም።"

አቶ ሀይለየሱስ መነጽሩን አውልቆ በሐዘኔታ አያት፣ ሐዘኑ ራሷ ላይ ወጣ አለ። ሁሉም ተስማማ። ፈቃዱ በስሜ አይደለም ወይ አለች፤ አዩ ደግነቱን ብለው እንደገና አለቀሱ። በጎቹን የገዛሁት እኔ ነኝ አለች፤ አዎ፣ የሚልከው አንችን ነበር አሏት። እርጥብ አትቀበይ ያለኝ የለም፣ ከራሴ ነው አለች፤ ይኸው ጥርሱን ሁሉ ለእሷ አውርሷት ሄደ ተባለ። አፏን በከፈተች ቁጥር ሟቹ ይበልጥ ይገዝፋል። ሁለት ሴቶች ያዟት፣ ጣራ ገዳም ወስደን ጠበል እናስጠምቃት ተባለ፣ ባጃጅ ተጠራ።

ያን ጊዜ መንግሥቴ ዱላውን አነሳና "ቆዩ" አለ። ወንድሜን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እኔ ካየሁት ዓመታት ሆኖኛል፣ እስኪ ፊቱን ንገሩኝ፣ የፊት ጥርሱ እንዴት ነበር ሲል ጠየቀ። ወንዴ ወርቅ ጥርስ አለው አለ። አቶ ሀይለየሱስ ፍንጭት ነው አለ። አንዲት ሴት ሲስቅ በረዶ ነው አለች። መንግሥቴ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማ።

"ወንድሜን በልጅነቱ በሬ ረግጦታል። የፊት ጥርስ የለውም።"

ወደ እኔ ዞረ። አንች በር ለበር ነሽ፣ አይተሽዋል ወይ አለኝ። ከተማው ሁሉ እያየኝ ነው።

"አላየሁትም፣ አያ መንግሥቴ። ሳሙናም ከእኔ ገዝቶ አያውቅም።"

ባጃጁ ደርሶ በር ላይ ይጮሃል፣ ማንም አልዞረም። መንግሥቴ ወደ ሰብሌ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ የወንድሜን መሞት ማን ነገረሽ?"

"ማንም። መተማንም፣ ወባውንም ከራሴ ነው ያወጣሁት። ስሙን ሾፌር ነው የሰጠኝ። ወንድም እንዳለህ አላውቅም ነበር። ይቅር በለኝ።"

ሰውየው እርጥቡ ሩዝ ጆንያ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ይመታታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋቢውን አስተካክሎ ለበሰ።

"እንግዲያ አልሞተም" አለ።

"አላውቅም። ሞተ ያልሁት ግን እኔ ነኝ፣ ውሸቴን ነው።"

"በቃ፣ አልሞተም።" ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። "እንኪ፣ ቤትሽን ያዥ።" ከዚያ ለቅሶውን እንደገና ጀመረ፤ ይኼኛው ግን ሌላ ለቅሶ ነበር፣ ከሳቅ ጋር የተቀላቀለ። እኔም አብሬው አለቀስሁ። በዚህኛው አላፍርም።

ከተማው አልተደሰተም። ትልቅ ሰው ነው የጠፋበት። ንፍሮው አንዴ ተቀቅሏልና ተቀምጦ በላ፣ ድንኳኑን አፈረሰ፣ ተበተነ። እርጥብ ሩዝ ያመጡት ገበሬዎችም እያጉረመረሙ በሰብሌ ግቢ ሸራ ላይ አሰጡት። አንዳንዱ እስከ ዛሬ በአድማሴ ጊዜ ቀረ ሲል ይሰማል። ማኅበሩም ካባውን ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ሰውየውን ግን ሰፍቶታል፣ እጅጌውም ይረዝምበታል።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ አዲስ ሾፌር መጣ፣ ከአዲስ አበባ ነው። ሰብሌ ግቢዋን እየጠረገች ነው፣ ፀጉሯ ላይ ገለፈት አለ። በሩ ላይ አንድ ጆንያ ነጭ ሩዝ ታስሮ ቆሟል። ሾፌሩ አልፏት ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገና ወደ እሷ ዞሮ ባለቤቱ የለም ወይ አላት። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

"ይፋግ..." አለችና ቆመች። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ይፋግ ልሄድ ነው። ይኸን ሩዝ ለአያ መንግሥቴ ላደርስ ነው፣ መኪና ሳያመልጠኝ የፈለግኸውን ተናገር።"

ሾፌሩ ግራ ገብቶት ሌላ ሰው ፍለጋ ግቢውን ዞሮ አየ። ሌላ ሰው አልነበረም።