የዳይሬክተሯ ጉልበት

የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ጉልበት ምንም አልሆነም። ያም ሆኖ እግራቸው በርጩማ ላይ ተሰቅሎ፣ በፍል ውሃ በተነከረ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ሳሎን ሙሉ ሰው ያዝንለታል።

ያመማቸው ሌላ ቦታ ነው። ከዓመት በላይ ሲያሳክካቸው የኖረው የብልታቸው ቆዳ ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ መሰንጠቅ ሲጀምር ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟም ካንሰር እንዳይሆን ብላ ትንሽ ቆዳ ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ልጃቸው ይህን በሰማች ማግስት ለዘመድ አዝማድ ሁሉ "እማዬ ጉልበቷን ታማለች" ብላ አወጀች። ምን ታድርግ! በዚህ ቤተሰብ ሕግ የሴት ገላ ከእምብርት ቀጥሎ ጉልበት ነው፤ መሃል ላይ ምንም የለም። ያን ሁሉ ልጅ የወለዱት አክስቶች በየት በኩል እንደወለዱ እግዜር ይወቀው።

ጡረተኛው ጎረቤት ከዘራውን አዋሰ። የሟች ባላቸው እህት ደግሞ ፎጣ ይዛ መጥታ ወጌሻ ሆነች።

"ብርድ ነው እኮ እትዬ" ትላለች ጉልበቱን እያሸች። "ምክር አይሰሙም! ደረጃ ለደረጃ ሲሮጡ ኖረው..."

"ቀስ በይ! ጤነኛውን ልታሳምሚው ነው።"

ስልክ ጮኸ። ልጃቸው አነሳችና፣ የእናቷ ጆሮ ደከም ስላለ፣ እንደ ልማዷ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ሰጠቻቸው።

"ከሐኪም ቤት ነው። የምርመራው ውጤት ደርሷል። በእርስዎ ስም የሚጠሩ ሁለት ታካሚዎች ስላሉ እንዳንሳሳት ነው፤ ናሙናው ከየት ነው የተወሰደልዎ?"

የሳሎኑ ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ።

"ከ... ከታች።"

"ከእግር?"

"ከጉልበት በይ፣ እማዬ!" አለች ልጃቸው በሹክሹክታ።

"ከጉልበት የተወሰደ የለንም" አለች የደወለችው ነርስ። "ካልሆነ ሰኞ በአካል ይምጡ።"

እስከ ሰኞ? ዳይሬክተሯ እስከ ማታም የሚበቃ ትዕግሥት አልቀራቸውም፤ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል። ደግሞስ ዕድሜ ልካቸውን "በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ!" እያሉ የሰው ልጅ ሲያስጨንቁ ኖረው፣ አሁን በገዛ ገላቸው ስም መንተባተባቸው አበገናቸው።

"ናሙናው የተወሰደው ከብልቴ ቆዳ ነው!" አሉ፣ የጠዋት ሰልፍ ላይ እንደቆሙ ሁሉ።

ጎረቤትየውን ሻዩ ትን አለው።

"አመሰግናለሁ፣ እማማ። ካንሰር አይደለም፣ እንኳን ደስ አለዎት። የቆዳ በሽታ ነው፤ የሚቀባ መድኃኒት ይታዘዝልዎታል። ግን በየጊዜው መታየት አለብዎ፣ እንዳይጠፉብን።"

ዳይሬክተሯ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ፎጣውን ገፈው ተነሡ፤ ቀጥ ብለው ተራመዱና ከዘራውን ለባለቤቱ መለሱ።

"አዋረድሽን!" አለች ልጃቸው ፊቷን ሸፍና።

"አንቺ ከጉልበቴ የወጣሽ መስሎሽ ነበር?"

እንግዳው ሁሉ ሰበብ እየፈጠረ ውልቅ አለ፤ ልጃቸውም ለመሸኘት ብላ ተከተለች። የባላቸው እህት ብቻ ቀረች። ፎጣዋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች።

"እትዬ... ያቺ ሐኪም የት ነው የምትሠራው?"

"ምነው?"

"እኔም ጉልበቴን... ሌሊት ሌሊት ያሳክከኛል።"

"ጉልበትሽን?"

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች።

"በሙሉ ዓረፍተ ነገር" አሉ ዳይሬክተሯ፣ ወንበር እየሳቡላት።