አምቡላንሱ እስከ 2050 ይገፋል

1.

አምቡላንሱን እየገፉት ነው።

እህቴ ጥሩወርቅ ውስጡ ተኝታለች፣ ምጥ ላይ ናት። ባሏ ደጉ ከኋላ ይገፋል። ሹፌሩ መሪ ይዟል። የገበያው ሰው ግራና ቀኝ ተደርድሮ "አይዞሽ" እያለ ይገፋል። አምቡላንሱ አልተበላሸም፣ ደህና መኪና ነው። ነዳጅ የለውም፣ በቃ።

2. እኔስ የት ነኝ?

አዲስ አበባ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ አዳራሹ ጥግ ያለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ። አስተርጓሚ ነኝ። ፈረንጁ ይናገራል፣ እኔ አማርኛ አድርጌ ማይኩ ላይ እተፋዋለሁ፣ አዳራሹ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። የዛሬው ርእስ "የዓለም የኃይል ገበያ የረጅም ጊዜ አዝማሚያዎችና ተግዳሮቶች፣ እስከ 2050" ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ሲሆን ሰባት ስምንት ዓመት ይቀነስለታል፤ ምጥ ላይ ላለች ሴት ያም ቢሆን ሩቅ ነው።

3. ተግዳሮት

ችግር ሆቴል ሲገባ ስሙ ይህ ነው። ከረባት አስረውለት ነው የሚያስገቡት።

4. ተግዳሮት

የጤና ጣቢያው አምቡላንስ የነዳጅ ሰልባትዮው ባዶ ነው። ማደያው ከገበያው ማዶ ነው። ነዳጅ ደግሞ አለ፣ ቦቴው ጠዋት ገብቷል። ታዲያ በጄሪካን ቀድቶ ማምጣት ነዋ፣ ትላለህ።

ክልክል ነው።

ጥቁር ገበያ እንዳይስፋፋ ሲባል ነዳጅ የሚቀዳው ማደያው ድረስ ለመጣ መኪና ብቻ ነው። ነዳጅ የሌለው መኪና እንዴት እንደሚመጣ መመሪያው አይናገርም። ያወጣው ሰውዬ መኪና አለው፣ ነዳጅ የሚሞላለት ግን ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ለአምቡላንስ ልዩ ፈቃድ አለ አሉ፣ ማህተም ከተመታበት። ማህተሙ ከወረዳው ኃላፊ ኪስ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል። የስብሰባው አጀንዳ የነዳጅ ሥርጭት ነው። ቢደውሉለት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። (ይህን ከራሴ ፈጥሬው ቢሆን ኖሮ "አበዛሽው" ትለኝ ነበር። እኔም እሰርዘው ነበር።)

5. ግልባጭ

(የሳጥን ባልደረባዬ አቶ ኅሩይ ተራውን እየተረጎመ ሳለ፣ ኮሪደር ላይ።)

ደጉ፦ እትዬ ምንታምር፣ አለሽ?

እኔ፦ አለሁ። ምን ሆነች?

ደጉ፦ ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። አዋላጇ ከእኔ አቅም በላይ ነው አለች። ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም ታጣቸዋለህ አለችኝ፣ ፊት ለፊት።

እኔ፦ አምቡላንሱስ?

ደጉ፦ ነዳጅ የለውም። ልንገፋው ነው።

እኔ፦ እሷን ይዛችሁ?

ደጉ፦ እሷን ይዘን። እንደተቀዳለት በዚያው ወደ ሆስፒታል ይበራል። መኪናው ይምጣ አይደል ያሉት? እናመጣላቸዋለን።

እኔ፦ ባጃጅ አጣህ?

ደጉ፦ ባጃጁም ሰልፍ ላይ ነው፣ እትዬ። ሁሉም ሰልፍ ላይ ነው።

6. አዝማሚያ

ፈረንጁ ሦስት መስመር ያለበት ግራፍ አሳየ። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ሦስቱም ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ይህን ሊያሳይ ነው አውሮፕላን የተሳፈረው።

ኅሩይ እንዲህ ሲል ተረጎመው፦ የነዳጅ ዘመን እያበቃ ነው፣ ነገር ግን በቶሎ አያበቃም። ፍላጎት ይጨምራል፣ ካልቀነሰ። ዋጋው ሊወጣ ይችላል፣ ሊወርድም ይችላል።

የሰፈራችን ጠንቋይ እንኳ ቁርጡን ሳይናገር ገንዘብ አይቀበልም። አዳራሹ ግን ይጽፋል። ፊት ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ "ሊወርድም ይችላል" የሚለውን አሰመረበት። በዓይኔ አይቻለሁ።

7. አምቡላንስ ለምትገፋ አንባቢ

ማርሹን ፍሪ አድርግ። የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። በእጅህ ሳይሆን በትከሻህ ግፋ። ዳገት ላይ አትቁም። ቁልቁለት ሲመጣ ደስ አይበልህ፣ ውስጥ ያለችው ትንገላታለች። ስታቃስት ከሰማህ ግፋ። ምንም ካልሰማህ



ግፋ።

8. ተግዳሮት

ደረሱ። ከትናንት ጀምሮ የተሰለፈው ሹፌር ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ያንን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበህ ብትወቅጠው ይህን ያህል ጨዋነት አይወጣውም።

ነዳጅ ቀጂው የመቅጃ ጎማውን ይዞ ቀረበ። ክፍያ በስልክ ብቻ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ተከልክሏል። የደጉ ስልክ ያስደውላል፣ ኢንተርኔት ስለሌለ መክፈያው ግን አይከፍትም። የማንም አልከፈተም። ከሌላ ከተማ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል፤ ደጉ እኔ ጋ ደወለ።

እኔ አለሁ። ግን ተራዬ ደርሷል። ማይኩ ፊቴ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ስልክ መንካት ክልክል ነው። ስልኩን አነሳሁት፤ ማይኩ ክፍት ነው።

9. አዳራሹ በአማርኛ የሰማው

"…በታዳጊ አገሮች የኃይል ተደራሽነትን የሚያጓትተው የመዋዕለ ንዋይ እጥረት ሲሆን… ሄሎ፣ ደጉ። የማደያውን ቁጥር ንገረኝ። ቀስ በል። … ላክሁ። … ከእኔ ወጥቷል ይላል። … ቀጂውን አቅርበው። … ወንድሜ፣ ከፍያለሁ። … የክፍያው መልእክትማ ኔትወርክ ሲመጣ ነው የሚደርስህ። … ገባኝ፣ ስርዓት ነው። በሩን ከፍተህ እያት እስቲ። አንተም እናት አለችህ። …"

10.

ፈረንጁ ማውራቱን አላቆመም። አማርኛ የማይሰማው እሱ ብቻ ነው።

ሌላው እስክሪብቶውን አስቀምጧል። ክቡርነታቸው ሚኒስትሩ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው አገላብጠው አዩት፣ ተበላሸ ብለው ነው። በጣታቸው አንኳኩት። መልሰው አደረጉት። መድረክ መሪዋ በእጇ "ቁረጪው" ትለኛለች። ኅሩይ ከውጭ መስታወቱን ይደበድባል። በሩን ከውስጥ ቆልፌዋለሁ።

በስልኩ ውስጥ የአምቡላንሱ በር ሲከፈት ሰማሁ። የእህቴን ድምፅ አልሰማሁም። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

11. ግልባጭ

ቀጂው፦ አየኋት። እግዜር ያውጣት። ግን መልእክቱ ሳይደርሰኝ ብቀዳ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?

እኔ፦ እኔ።

ቀጂው፦ አንቺ ማን ነሽ? ማህተም አለሽ?

12.

ማህተም የለኝም።

ማህተም ያለው ሰው ግን አዳራሹ ሙሉ ነው። ሚኒስትር አለ፣ ኮሚሽነር አለ፣ ዳይሬክተር እንደ አሸዋ ነው። ሥራዬ ደግሞ የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስ ነው። አደረስኩ።

"ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?" አልኩ፣ በአማርኛ። ፈረንጁም እንዳይቀርበት ቻናል ቀይሬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት።

ፈረንጁ ንግግሩን ገታ። "እጅግ ጠቃሚ ጥያቄ ነው" አለና ውሃ ጠጣ።

13. የአዳራሹ መልስ







14. ግልባጭ

ደጉ፦ እትዬ፣ ቀጂው ጎማውን እንደያዘ ቆሟል። ምን አሉ?

እኔ፦