ጠዋት ጠዋት አልነሳ ያለች መኪና

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ባለአፍንጫው» ነበር የሚለው። ሌላው መካኒክ ግማሽ ሞተር ፈትቶ የሚያገኘውን እሱ በማሽተት ብቻ ያገኘዋል። ነጭ ጨርቅ ከኪሱ ይመዝና የቤንዚኑን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠርጋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጨርቁን ያሸታል። «እዚች ጋ ነው የምታፈሰው» ካለ አለቀ፣ ይግባኝ የለም። ባለመኪናዎቹም ሲያሸት እያዩ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

እንግዲህ ጉዱን ልንገራችሁ፤ ይህ ሰው ማሽተት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ክፉ ጉንፋን ይዞት አንድ ሳምንት ተኛ። ሲነሳ ሁሉም ነገር ተመለሰ፣ ማሽተቱ ግን እንደወጣ ቀረ። መጀመሪያ ልብ አላለም። አንድ ቀን ወተት ምድጃ ላይ ገንፍሎ ሲያር ሚስቱ ከጓሮ እየሮጠች መጣች፤ እሱ ለካ እዚያው ወጥ ቤቱ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ጫማውን ይጠርጋል። «አይሸትህም እንዴ ሰውዬ?» አለችው። «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አላት። የዚያኑ ቀን ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ አፍንጫው ሥር ደቀነ። ምንም! ውሃ በለው። ለማን ይናገራል? ሃያ ዓመት የበላበት ስም እኮ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይሄኛው ጭራሽ በሽታውን ደብቆ ሐኪም ሆኖ ይውል ነበር።

እውነት ለመናገር፣ አልተነቃበትም። ዓይንም ጆሮም ነበረው፤ የቀረውን በግምት ይሞላል። ጨርቁን ማሽተቱንም አልተወም፣ ዓይኑን እንደ ድሮው ይጨፍናል። እህቱ መኪናዋን ይዛ እስክትመጣ ድረስ እንዲህ ኖረ።

እህቱ ታላቁ ናት፤ እናታቸው ሥራ ስትውል አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አዋላጅ ነች። ስንት ሕፃን በእጇ እንደተቀበለች ራሷም አታውቀውም። መኪናዋ የምታረጅበትን ዕድሜ ካለፈች ቆይታለች፣ እሷ ግን ትወዳታለች።

«ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለችኝ» አለችው። «ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው ኩርር ኩርር ይላል እንጂ አትይዝም። አንዳንዴ አሥር ጊዜ አዞራለሁ። ምጥ የያዛት ሴት ደግሞ የኔን መኪና አትጠብቅም፣ ወንድም ዓለም። ደግሞ ጠዋት ላይ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል።»

«አሮጌ መኪና የማይሸት የት አለ፣ እትዬ?» አለ ቶሎ ብሎ።

ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ማታ ሲጠፋ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ በግፊት እንደታፈነ ማደር አለበት። አንድ ቦታ የሚያፈስ ከሆነ ግፊቱ ሲወርድ ያድራል፤ ጠዋት ፓምፑ ባዶውን ቱቦ እስኪሞላ መኪናዋ ባለቤቷን ታስለምናለች። ክፋቱ፣ ትንሽ የምታፈስ ቦታ በጠዋት ትረጥብና ሞተሩ ሲሞቅ ትደርቃለች። እህቱ ከሥራ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ስታመጣት በዓይን የሚታይ ነገር የለም። የሚቀረው ሽታው ብቻ ነው።

እሱም ጨርቁን መዘዘ፣ ጠረገ፣ አሸተተ። «የለም። ባትሪው ነው» አለ። ባትሪ ተቀየረ። ሁለት ቀን ደህና ሰነበተችና ተመልሳ መጣች። ደግሞ አሸተተ። «ፓምፑ ደክሟል።» ፓምፕ ተቀየረ። ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሳ መጣች።

ከጎኑ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሽቦ የሚሉት ሰው አለ። ምላሱ አያርፍም። «ምነው፣ አፍንጫህ ጡረታ ወጣ እንዴ?» አለው እየሳቀ። «የግፊት መለኪያ አለኝ፣ ላውስህ?»

«እኔ በመለኪያ የሠራሁ ቀን ይሄ ጋራዥ ይዘጋ!» አለ ባለአፍንጫው፣ ደረቱን ነፍቶ። የሰማው ሁሉ ሳቀ። 

ሽቦ ለምሳ ሲወጣ ግራ ቀኝ አየና መለኪያውን ከሰውዬው መሳቢያ ውስጥ አነሳ። ይኸው ነው፣ ልክ እንደ ሌባ! ኮፈኑን ከፍቶ መለኪያውን ከቤንዚኑ መስመር ጋር አገናኘ፣ ሞተሩን አስነስቶ አጠፋ፣ ከዚያ መርፌው ላይ አፈጠጠ። መርፌው ባለበት መቆም ሲገባው ወረደ። ወደ ታንከሩ የሚመለሰውን ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጦ ያዘ፤ ወረደ። ከፓምፑ የሚመጣውንም ጨምሮ ያዘ፤ አሁንም ወረደ። እንግዲያው የምታፈሰው እዚሁ ሞተሩ ላይ ነው፣ ከሚግለው ብረት በላይ። የትኛዋ ቦታ እንደሆነች ለማወቅ መኪናዋ እዚህ አድራ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ መታየት አለባት። ይህን ሁሉ አወቀ። አወቀ እላችኋለሁ! ያቃተው ማወቅ አልነበረም።

የሽቦን ድምፅ ከበሩ ሲሰማ መለኪያውን ነቅሎ ወደ ቦታው መለሰና ኮፈኑን ዘጋ።

እህቱ አመሻሹ ላይ መጣች። «ትደር፣ ጠዋት አያታለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን ሽቦ እዚያው ቆሟል። «ምኑን ነው ጠዋት የምታየው? አሽትተህ አይደል የምታገኘው?» ቢለውስ? ሰው ሁሉ በቆመበት ምን ሊመልስ ነው? 

«አገኘኸው?» አለችው።

«እ... የቀረች ነገር አለች። ነገ ከሥራ ስትመለሺ አምጪያት።»

«እስከዚያ ብነዳት ችግር የለውም? ሽታው እኮ ብሶበታል።»

ሽቦ ካቻቪቴውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየ። ባለአፍንጫው ጨርቁን መዘዘ። ቱቦውን ጠረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አሸተተ።

«ምንም የለም፣ እትዬ። እንዲያው መስሎሽ ነው።»

«እፎይ!» አለች። ትከሻውን መታ መታ አድርጋው መኪናዋን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተደወለለት።

ሆስፒታል ሲደርስ እህቱ ትራስ ተደግፋ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። ፊቷ ደህና ነው፤ ቅንድቧ ግን ተቃጥሏል። ጣቶቿ እንደ ድሮው እንደማይታጠፉ ሐኪሙ በሩ ላይ አስቁሞ ነግሮታል።

«መጣህ? ና ተቀመጥ» አለችው። «ስምንት ጊዜ አዞርኩ፣ አልይዝ አለች። ሸተተኝ፤ ዓይኔን እስኪያቃጥለኝ ነው የሸተተኝ። ግን አንተ አሽትተህ የለም ብለሃል። የኔ አፍንጫ ከሱ ይበልጣል እንዴ አልኩና አንዴ ደገምኩ። ኮፈኑ ሥር ቡፍ አለ። እንዳትቃጠል ብዬ ሮጬ ኮፈኑን ስከፍተው እሳቱ እጄ ላይ ወጣ። ሞኝ ነኝ፣ ማን ክፈች አለኝ?» አየችውና ደግሞ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «በል አይዞህ፣ አታልቅስ። አንተ ምን ታደርግ? የአሮጌ መኪና ነገር ነው።»

እሷ እኮ ናት እሱን የምታጽናናው! 

«እትዬ፣ አይሸተኝም» አለ።

«ምኑ?»

«ምንም። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም፣ ሁለት ዓመቴ ነው። ትናንት ደግሞ እንደምታፈስ አውቄ ነበር። በመለኪያ አይቼዋለሁ። ሰው ፊት አፍሬ ነው።»

 በሕይወቱ መሰደብ የፈለገበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ብትረግመው እግሯን በሳመ። እሷ ግን የተጠቀለሉትን እጆቿን አየች።

«አዋላጅ እኮ ነኝ» አለች። «የስንቱን ሰው ገመና ይዤ ነው የኖርኩት። ያንተን እበትነው ነበር? ብትነግረኝ ኖሮ ጋራዥህ ድረስ እየመጣሁ እኔ አሸትልህ ነበር።»

እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ የሚያዝ እጅ አልነበረም። እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«አሁን ሂድ» አለችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ልጄ ልትመጣ ነው። ካልጠየቀችኝ ምንም አልላትም። ከጠየቀችኝ ግን እነግራታለሁ፤ ለቤታችን አንድ ውሸታም ይበቃል።»