ፕሮፎርማ የማይቀርብለት ሰርቨር

ቢፒአር የተባለው የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ ሁላችንንም የአንድ ነገር ባለቤት ባደረገበት ሰሞን እኔ የንብረት፣ ባርኮት የኮምፒውተር ባለቤት ተባልን። ከዚያ በኋላ እኔ ከመጋዘኔ፣ እሱም ከክፍሉ ብዙ አልወጣንም። ልዩነታችን ግን እኔ ስለ ወንበርና ስለ ጆንያ የማወራው ሰው አጥቼ አላውቅም። ባርኮት ስለ ሥራው የሚያወራው ሰው በሶዶ ከተማ አልነበረውም። አንድ ጊዜ ሻይ ላይ ሊያስረዳን ጀምሮ የሂሳብ ኃላፊው ጌታሁን ከመሃል፣ «ፕሪንተሬስ መቼ ነው የሚሠራልኝ?» አለው። ከዚያ ወዲህ ሻዩን ክፍሉ ድረስ ያስመጣል።

የእኛ ቁጠባና ብድር ተቋም ቦዲቲ፣ ቤሌና ቢጠና ቅርንጫፍ አለው። ሁሉም ሂሳቡን ለብቻው ይይዝና ወር ሲያልቅ በፍላሽ ይልካል፤ ፍላሹም ከነቫይረሱ በሰላም ይደርሳል። ባርኮት ሦስቱም ሶዶ ባለው አንድ ማሽን ላይ እንዲሠሩ ፕሮግራም ጻፈ። የቀረው ፕሮግራሙን ተሸክሞ ለቅርንጫፎቹ የሚያቀርበውን መምረጥ ነበር። አፕሊኬሽን ሰርቨር ይሉታል።

«እንደ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነው፣ ጋሼ ጦና» አለኝ። «ምግቡን አይሠራም፤ እሱ ከሌለ ግን የሚበላ የለም።»

ይሄ ገባኝ።

ለምርጫ ሁለት ቀረቡ። አንዱ ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርድ ነው። ሌላው የሚገዛ ሲሆን አብሮት ሰው አለ፤ በየጊዜው ከአዲስ አበባ እየመጣ ያየዋል፣ ሲደወልለትም ስልክ ያነሳል። ሰውየው ሀብተሚካኤል ይባላል። ዕቃውን ሊያሳይ መጥቶ ከባርኮት ጋር ክፍሉ ውስጥ ተዘጋ።

የኤሌክትሪክ ዲቫይደር ላቀብላቸው ስገባ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞልቶ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ባርኮት ጥርስ እንዳለው ያን ቀን አየሁ።

«ምን ተገኘ?»

«ስህተት ነው፣ ጋሼ» አለ ባርኮት።

«ስህተት ያስቃል እንዴ?»

«ይሄኛው ያስቃል» አለ ሀብተሚካኤል።

ምሳ ጥሬ ሥጋ ቤት ወሰድነው። ዳጣውን፣ የወላይታን የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ እንደ ተራ ሚጥሚጣ ገምቶ በደንብ አጠቀሰና ወዲያው ውሃ ውሃ አለ።

«አይዞህ፣ ይለመዳል» አለው ባርኮት።

«አንተ ለመድከው?»

«ዳጣውን፣ አዎ።»

የግዢ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ዕለት ጠዋት ባርኮት መጋዘን መጣ። የሚቀመጥበት ስላልነበረ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«የሀብተሚካኤል ቢመረጥ ደስ ይለኛል» አለ።

«እሱ ይሻላል?»

«ለእኔ ይሻላል። ለማሽናችን ግን ይከብዳል። ሞክሬዋለሁ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እሱ እስኪነሳ ቤሌ ላይ ሰው ተሰልፎ ይቆማል። ነጻው ቶሎ ይነሳል።»

«እና ምን ልትል ነው?»

«እንጃ» አለ። ሲነሳ ሱሪው ነጭ ሆኗል። እንደዚያው ስብሰባ ገባ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ናቸው። በግዢ መመሪያ ቀልድ አያውቁም። ጌታሁንና እኔ አባል ነን።

«የነጻው ሦስት ፕሮፎርማ የታለ?» አሉ።

«ዋጋ የለውም እኮ፣ ወይዘሮ ዓመለወርቅ» አለ ባርኮት።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ዋጋ የለውም የሚል ፕሮፎርማ ከሦስት ድርጅት አምጣ።»

«ማኅተም ያረፈበት» አለ ጌታሁን።

«ካልሆነ የሚገዛውን እንወስዳለን። እሱ ሦስቱንም አሟልቷል። ባለሙያው፣ አስተያየት አለህ ወይስ እንፈርም?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ባርኮት ዝም ቢል ይበቃው ነበር። መመሪያው በእድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ልጅ አዝኖ፣ የሚያጫውተው ሰው ሊገዛለት ነበር። ጌታሁን እስክሪብቶውን ከፈተ። ባርኮት ሱሪው ላይ የቀረውን ሲሚንቶ ሲያራግፍ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ ጦና፣ ስጦታ ሲመጣ እንዴት ነው የሚገባው?»

«በእኔ በኩል ነዋ» አልኩ። «ስጦታ ፕሮፎርማ አይጠየቅም። ገቢ ይደረጋል።»

ወይዘሮ ዓመለወርቅ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሰጪው ማነው?»

«ብዙ ናቸው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው የጻፉት። አላውቃቸውም። እነሱም አያውቁኝም።»

«ሳያውቁህ ሰጡህ?»

«አዎ።»

«ሚሲዮን ናቸው?» አለ ጌታሁን።

«አይደሉም። ዝም ብለው የሚሰጡ ናቸው።»

ይሄ ከመመሪያው ጋር ባይጋጭም ሁላችንንም ቅር አሰኘን። ግን አለፈ። ባርኮት ሰርቨሩን ሲዲ ላይ ገልብጦ አመጣልኝ፤ «አንድ ሲዲ፣ ያልተጫረ» ብዬ ገቢ አደረግሁና መልሼ ለእሱ ወጪ አደረግሁለት።

ውሳኔውን ሊሰማ የመጣው ሀብተሚካኤል ላፕቶፑን ይዞ ከግቢ የሚወጣው በእኔ ፊርማ ስለሆነ በር ላይ አብሬያቸው ቆምኩ።

«ጣልከኝ አይደል?» አለው እየሳቀ።

«ማሽናችን አይችልህም።»

«ምንም አይደል። ብቻ ደውል።»

«ምን ተበላሸ ብዬ?»

«እንዲሁ ደውላ!»

«እሺ» አለ ባርኮት። ሀብተሚካኤልን የያዘው ባጃጅ ከታጠፈ በኋላም ቆሞ ነበር፤ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ስለፈለገ ገባ።

ክረምቱ መጣ። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሰርቨሩም ይነሳል። ከቅርንጫፎቹ የሚደውል ጠፋ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዞኝ ክፍሉ ገባሁ።

«ሰርቨሩ እንዴት ነው?»

«አልተበላሸም» አለኝ፤ የጠራው እንግዳ እንደቀረበት ሰው።

«ሀብተሚካኤልስ?»

«ትናንት ደወልኩለት። ‹ምን ችግር ገጠማችሁ?› አለኝ። ‹ምንም› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«‹ጎበዝ› አለኝ። ከዚያ ሌላ ደንበኛ ደወለበት።»

ወደ ስክሪኑ ዞረ። እዚያም ሁሉም ነገር ደህና ነበር።