በሲሚንቶ የታፈነው ግድግዳ

ልብስ ሰፊዋ ያን ሰሞን መቀመጫ አጣች። ሁለት መስመር ሰፍታ ትነሳለች፤ ወደ እናቷ መኝታ ክፍል ትገባለች፤ በግድግዳው ግርጌ የወጣውን እርጥበት በመዳፏ ትዳብሳለች። ትናንት ስንዝር የነበረው ዛሬ ጉልበቷ ደርሷል።

ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው፤ ከጭቃና ከጭድ በተመታ፣ ፀሐይ ባደረቀው ጡብ። አርባ ዓመት ምንም አልሆነም። አምና ግን የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ «እናቴ በጭቃ ቤት አትኖርም» ብሎ ውስጥም ውጭም በሲሚንቶ አስለሰነው። ጎረቤቱ ሁሉ መረቀው።

«አንቺ ልጅ፣ ምናለ ቁጭ ብትዪ?» አሉ እናቷ። «ግድግዳው ጥሎሽ አይሄድ!»

«እሱን እኮ ነው የፈራሁት፣ እማዬ።»

አላስችል ሲላት ጋሽ ጭቃን ጠራች። ዕድሜ ልካቸውን ጡብ ሲመቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ውሃው ከመሬት ይገባል፤ ሲሚንቶው መውጫ ነሳው። ውስጡ ቦክቷል። እናትሽን ቶሎ አውጫቸው።»

እናትየው አልወጣም ስላሉ ወንድሟ ተጠራ፤ ሲደርስ እሷ በመዶሻ ልስኑን እያነሳች ነበር።

«አብደሻል እንዴ? ስንት የለፋሁበትን!»

«ወንድም ጋሼ፣ እስቲ እጅህን አስገባና እየው።»

አስገባ። ጣቶቹ ሊጥ ውስጥ እንደገቡ ሁሉ ሰመጡ። ወዲያው እናቱን ከነብርድ ልብሳቸው ታቅፎ ወጣ።

«አውርደኝ! ጭነት መሰልኩህ?» እያሉ ጮኹ።

ጣሪያውን በአምስት ግንድ ደገፉት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግድግዳው ወደ ውጭ ዘጭ አለ። ሾፌሩ ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «ለእማዬ ብዬ እኮ ነው» አለ። ማንም አልወቀሰውም።

ፈቃድ ወስዶ ወር ሙሉ ቆየ። ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ረገጠ፤ ጋሽ ጭቃ «ይሄ ጡብ ነው ወይስ ትራስ?» እያሉ ጠማማውን ሁሉ እንደገና አስመቱት። ከቀሩትም ግድግዳዎች ላይ ሲሚንቶውን አነሱ። አዲሱ ግድግዳ በድንጋይ መሠረት ላይ ቆመ፤ በጭቃ ተለሰነ።

እናትየው ተመልሰው ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልጋቸውን ከግድግዳው አርቃ ክፍሉ መሀል ላይ አቆመችው። እሳቸው ጠዋት ወደ ግድግዳው ያስጠጉታል፤ እሷ ከሰዓት ትጎትተዋለች።