ሰባት አረንጓዴ ኮፍያ

6

(ስድስት ኪሎ። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ከዚህ ቁልቁል ሲወረድ መንገዱ ራሱ ወደ ኋላ ይቆጥራል።)

«ኧረ ከአንበሶቹ አጥር ራቁ!»

ወይዘሮ አሰለፈች ይህን የጮኹት በሆዳቸው ነው። ድምፅ ቢያወጡ ልጃቸው ፍሬገነት ታውቃቸዋለች። ዛሬ የአስጎብኚነት ሙከራ ቀኗ ነው፤ ከጅማ የመጡ ሰባት ጡረተኞች ይዛለች። መዛኙ አቶ ግዛቸው ቅጽ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። አንድ እንግዳ ከጠፋባት ሥራውም ጠፋ።

«እንዳትከተዪኝ» ብላ ጠዋት እናቷን አስምላለች። እናት ምለው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተከተሉ።

ሊመጣ የሚችል መዓት፦

አንበሳ ማምለጥ።
ፍሬን የተበጠሰበት ታክሲ።
የአንዱ ሽማግሌ ልብ።
ዝናብ።

ኮፍያ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

5

አምስት ኪሎ፣ ሙዚየሙ ግቢ።

ፍሬገነት ሰው አትቆጥርም። «ሰው ሲቆጠር ይጎድላል» ብለው ያሳደጓት እናቷ ናቸው። ስለዚህ ለሰባቱም አረንጓዴ ኮፍያ አድላ ኮፍያውን ትቆጥራለች።

ከሰባቱ አንዱ፣ ራሰ በራው ጋሽ ከድር፣ ወደ ወይዘሮ አሰለፈች ጠጋ አሉ።

«እትዬ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ነካዎት እንዲህ የተጀቦኑት? እንኩ ኮፍያዬን።»

«ኧረ ይተዉ!»

«ይያዙት። እኔ ድንቅነሽን ተሰናብቻት ልምጣ፤ ቅድም አጣደፉኝ።»

ነጠላው ላይ ደፉላቸውና ተመልሰው ገቡ።

4

አራት ኪሎ፣ ሐውልቱ ሥር።

«…አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት!»

አቶ ግዛቸው ጻፉ፦ ተሟልቷል።

ወይዘሮ አሰለፈች ፊታቸውን ወደ ሐውልቱ አዙረው በዓይናቸው ያንን መላጣ ፈለጉ። የለም። አናታቸውን ዳሰሱ።

ኮፍያ።

ዝም ቢሉ ልጅቷ ታልፋለች፣ ሰውየው ይጠፋል። ቢናገሩ ደግሞ መሐላ ማፍረሳቸው ይታወቃል፣ ልጅቷም ትወድቃለች። አንባቢ ሆይ፣ እስኪወስኑ ቦታ ልተውላቸው።




አወለቁት።

«ፍሬ! ሰዉን ቁጠሪ!»

«እማዬ?!»

«ኋላ ትገድዪኛለሽ፤ አሁን ቁጠሪ!»

«ሰው አይቆጠርም ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔው ነኝ። እኔው ሽሬዋለሁ!»

ስድስት።

5

(እንደገና። ሁሉም እየሮጡ፣ እናት ከፊት።)

ጋሽ ከድር ከድንቅነሽ ፊት ቆመው ስለ ጉልበት ሕመማቸው እያወጓት ነበር።

«ጨዋ ሴት! አንዴ እንኳ አላቋረጠችኝም» አሉ።

ፍሬገነት የእያንዳንዱን ሰው ትከሻ እየነካች ቆጠረች። አንድ። ሁለት። እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ።

«ሰባት!»

አቶ ግዛቸው «ተሟልቷል» የሚለውን ሰረዙት። ከሥሩ መልሰው ጻፉት፦ ተሟልቷል።

«ነገ ከሐረር ዘጠኝ እንግዶች አሉሽ» አሏት። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ እንዳታረፍጂ። ስንት ኮፍያ ላዘጋጅ?»

ፍሬገነት እናቷን አየች። እናቷ ሰማዩን አዩ።

«ነገ እንኳ መዝነቡ አይቀርም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ኮፍያ…» አለች ፍሬገነት የእናቷን አናት እያየች፣ «__________»